የአለት ንጣፎችና የምድር ያለፈ ዘመን አቈጣጠር

መግቢያ

ተማሪዎች በሳይንስና በታሪክ መጻሕፍት ከሚያገኟቸው ቁጥሮች ሁሉ እንደ ሚሊዮን ዓመታት ለማሰብ የሚያዳግት የለም። «ድንቅነሽ ከ3.18 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ትኖር ነበር» የሚለው ዐረፍተ ነገር በሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ ተማሪው በደብተሩ ይገለብጠዋል፤ በፈተና ጊዜም መልሶ ይጽፈዋል። ከተማሪዎቹ አንዱ ግን እጁን አንሥቶ «ይህን ሁሉ ዘመን ማን አይቶ ቈጠረው?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው እንደ ድፍረት ሊታይ አይገባውም። እንዲያውም የትምህርቱ ዋና ፍሬ የሚገኘው በዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው። መልሱን ያላገኘ ተማሪ ቁጥሩን ወይ በጭፍን ይቀበለዋል፣ ወይ በጭፍን ይጥለዋል፤ ከሁለቱ አንዱም የሳይንስ ዕውቀት አይባልም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሥነ ምድር ሊቃውንት ከአለት ንጣፎች ተነሥተው ያለፈውን ዘመን የሚወስኑበትን መንገድ ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ማብራራት ነው። ፍሬ ሐሳቡ በአጭሩ እንደሚከተለው ነው። የአንድ ጥንታዊ አጥንት ዕድሜ በአብዛኛው የሚታወቀው ከአጥንቱ ከራሱ ሳይሆን አጥንቱ ካረፈበት ንጣፍ፣ እንዲሁም ከበላዩና ከበታቹ ካሉት ንጣፎች ነው። አስቀድሞ ቅደም ተከተል ይታወቃል፤ ቁጥር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ለማስረዳት አገራችን እጅግ የተመቸች በመሆኗ አብዛኞቹ ምሳሌዎች የተወሰዱት ከዓባይ ሸለቆ፣ ከአፋርና ከታችኛው ኦሞ ነው።

1. ከቁጥር በፊት ቅደም ተከተል

በመሶብ ውስጥ ከተደራረበው እንጀራ ከሥር ያለው አስቀድሞ የተጋገረው፣ ከላይ ያለው ደግሞ በመጨረሻ የወጣው መሆኑን ለማወቅ የጋገረችውን ሴት መጠየቅ አያስፈልግም። ዴንማርካዊው ኒኮላስ ስቴኖ እ.ኤ.አ. በ1669 በታተመ መጽሐፉ ስለ አለት ንጣፎች ያቀረበው መሠረታዊ ሐሳብ ከዚህ የራቀ አይደለም። በውሃ ወይም በነፋስ ተጉዞ የተከማቸ ደለል በንጣፍ ላይ ንጣፍ እየሆነ ስለሚቀመጥ፣ ያልተገለበጠ ከሆነ ከታች ያለው ንጣፍ ከላይኛው በዕድሜ ይበልጣል። ስቴኖ ሁለት ሌሎች ሐሳቦችንም አክሏል። አንደኛው ደለል ሲከማች በአግድም ተዘርግቶ የሚቀመጥ በመሆኑ ያዘነበለ ንጣፍ ከተከማቸ በኋላ የተዛባ ነው የሚል ነው። ሁለተኛው አንድ ንጣፍ እስከ ዳርቻው ድረስ ያልተቋረጠ ስለሚሆን በሸለቆ ግራና ቀኝ የሚታዩ ተመሳሳይ ንጣፎች ቀድሞ አንድ ነበሩ የሚል ነው።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የተጓዘ ሰው እነዚህን ሦስት ሐሳቦች በዓይኑ ያያል። መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ የዓባይን ድልድይ ከተሻገረ በኋላ በማዶው ያንኑ ያህል ሽቅብ ይወጣል። ከሥር ወደ ላይ ሲታይ በመጀመሪያ የአሸዋ ድንጋይ፣ ቀጥሎ የሸክላና የጂፕሰም ንጣፎች፣ ከዚያም የባሕር እንስሳት ዛጎል የሚገኝበት የኖራ ድንጋይ አለ። ከዚህ በላይ ሌላ የጭቃና የአሸዋ ድንጋይ ይከተላል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከእሳተ ገሞራ ፈስሶ የረጋው ጥቁር ድንጋይ፣ ማለትም ባዛልት፣ እንደ ክዳን ተደፍቶበታል። በጎሐ ጽዮን በኩል የታየው ተራ በደጀን በኩልም ተመልሶ ይታያል። ወንዙ አንዱን ሰፊ ምድር ለሁለት መክፈሉን ከዚህ እንረዳለን።

እንግዲህ አንድም ቁጥር ሳይጠራ ረዥም ታሪክ ተነበበ ማለት ነው። አሸዋ ተከማቸ፤ ከዚያ ባሕር መጥቶ ምድሩን አለበሰ፤ ባሕሩም ሸሸ፤ በመጨረሻ እሳተ ገሞራ ሁሉን ሸፈነ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ወንዙ ቈረጠው። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ለሚገኙት ተመሳሳይ ንጣፎች «የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ» እና «የአንታሎ ኖራ ድንጋይ» የሚሉትን ስሞች የሰጠው እንግሊዛዊው ዊልያም ብላንፎርድ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣ የሥነ ምድር ሊቅ ሲሆን፣ ጥናቱን እ.ኤ.አ. በ1870 በመጽሐፍ አሳተመ። የንጣፎቹን ዕድሜ በዓመት የሚለካበት መሣሪያ በዘመኑ አልነበረም፤ ሆኖም ያስቀመጣቸው ስሞች ዛሬም ያገለግላሉ።

2. የተዛቡና የጐደሉ ንጣፎች

ቅደም ተከተል ሲነበብ ጥንቃቄ የሚያሻባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው መዛባት ነው። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ምድር ተሰንጥቃ አንዱ ወገን ስለሰመጠ፣ አንድ ዓይነት ንጣፍ በአንዱ ቦታ ከፍ ብሎ በሌላው ዝቅ ብሎ ይገኛል። በዚህ ጊዜ የሚያገለግለው ደንብ ቈራጩ ከተቈረጠው ያንሳል የሚል ነው። ስንጥቁ የቈረጣቸው ንጣፎች ሁሉ ስንጥቁ ከመፈጠሩ በፊት ነበሩ።

ሁለተኛው ጉድለት ነው። ደለል ሁልጊዜ አይከማችም፤ አንዳንድ ዘመን ተጠርጎ ይጠፋል። በዓባይ ሸለቆ ያለው የኖራ ድንጋይ 150 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ዕድሜ ሲኖረው፣ ከአናቱ ያለው ባዛልት አብዛኛው የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ነው። በመካከላቸው ያለው ንጣፍ ይህን ሁሉ ዘመን የሚሞላ አይደለም። ስለዚህ የንጣፍ ውፍረት ብቻ የዘመን መለኪያ ሊሆን አይችልም። ከመጽሐፉ ብዙ ገጾች ተቀድደው ወጥተዋል፤ የተቀሩት ገጾች ተራ ግን አልተፋለሰም።

3. ቅሪተ አካላት እንደ ምልክት

በሁለት የተራራቁ ቦታዎች የሚገኙ ንጣፎች የአንድ ዘመን መሆናቸው በምን ይታወቃል? የመጀመሪያው መልስ የተገኘው ከቅሪተ አካላት ነው። በእንግሊዝ አገር ቦይ በሚቈፈርበት ሥራ ቀያሽ የነበረው ዊልያም ስሚዝ እያንዳንዱ ንጣፍ የራሱ የሆኑ ቅሪተ አካላት እንዳሉት፣ ተራቸውም በየቦታው አንድ መሆኑን አስተዋለ። በዚህ ዘዴ ተመርቶ እ.ኤ.አ. በ1815 የእንግሊዝን፣ የዌልስንና የስኮትላንድን ከፊል የአለት ካርታ አወጣ። በአንድ ዘመን ብቻ ኖሮ የጠፋ፣ ነገር ግን በሰፊ አገር ተሠራጭቶ የነበረ እንስሳ ከሁሉ የተሻለ ምልክት ይሆናል። ወደፊት እንደምናየው በምሥራቅ አፍሪካ ይህን አገልግሎት ከሰጡት እንስሳት መካከል ጥንታዊ የዱር አሳማዎች ይገኙባቸዋል።

4. ቁጥሩ ከየት ይመጣል?

ቅደም ተከተል «የቱ ይቀድማል?» ለሚለው ይመልሳል እንጂ «በስንት ዓመት?» ለሚለው አይመልስም። ለዚህኛው መልስ የተገኘው በ20ኛው ምዕተ ዓመት፣ ራዲዮአክቲቭነት ከታወቀ በኋላ ነው። አንዳንድ አተሞች በታወቀ ፍጥነት ወደ ሌላ ዓይነት አተም ይለወጣሉ። ከመጀመሪያው መጠን ግማሹ እስኪለወጥ የሚፈጀው ጊዜ ግማሽ ዕድሜ ይባላል፤ ይህም በሙቀት፣ በዝናብ ወይም በዘመን ርዝመት የሚለዋወጥ አይደለም።

ለእሳተ ገሞራ አለት በጣም የሚያገለግለው ፖታሲየም 40 ነው። ግማሽ ዕድሜው 1.25 ቢሊዮን ዓመታት ያህል ሲሆን፣ ከሚለወጠው ውስጥ ከመቶ 11 ያህሉ አርጎን 40 የተባለ ጋዝ ይሆናል። አለት ቀልጦ ሳለ ጋዙ ያመልጣል፤ ሲረጋና ማዕድኑ ሲጠጥር ግን አዲስ የሚፈጠረው አርጎን በማዕድኑ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ስለዚህ ሰዓቱ ከዜሮ የሚጀምረው እሳተ ገሞራው በፈነዳበት ዕለት ነው ማለት ይቻላል። የተጠራቀመው አርጎን ከቀረው ፖታሲየም ጋር ሲነጻጸር ያለፈው ጊዜ ይታወቃል። በኋላ የመጣው የአርጎን-አርጎን ዘዴ ይህን ሥራ በአንዲት ቅንጣት ማዕድን ላይ እንኳ ለማካሄድ አስችሏል።

በዚህ ላይ መምህራን ሁለት ነገሮችን አጥብቀው ሊያስረዱ ይገባል። አንደኛ፣ የአሸዋና የጭቃ ድንጋይ በዚህ ዘዴ በቀጥታ አይለካም። ቅንጣቶቹ ከሌላ አሮጌ አለት ተፈርፍረው የመጡ ስለሆኑ የሚነግሩን የእናት አለታቸውን ዕድሜ እንጂ የተከማቹበትን ጊዜ አይደለም። ሁለተኛ፣ በብዙዎች ዘንድ የሚታወቀው የካርቦን 14 ዘዴ ለእንዲህ ያለ ጥንታዊ ዘመን አያገለግልም። ግማሽ ዕድሜው 5,730 ዓመታት ገደማ ብቻ በመሆኑ ከ50,000 ዓመታት ገደማ ወዲያ ሊለካ የሚችል ነገር አይተርፍም። ድንቅነሽ በካርቦን ተለካች ብሎ ማስተማር ስሕተት ነው።

ታዲያ አጥንት በጭቃ ውስጥ ሲገኝ ምን ይደረጋል? እሳተ ገሞራ በሚበዛበት አገር በጭቃውና በአሸዋው መካከል የአመድ ንጣፎች ይገኛሉ። ከአጥንቱ በታች ያለው አመድ «ከዚህ አይበልጥም» ይላል፤ ከአጥንቱ በላይ ያለው አመድ «ከዚህ አያንስም» ይላል። ዕድሜው በሁለቱ ወሰኖች መካከል ይሆናል።

5. ሐዳር

ድንቅነሽ ወይም ሉሲ የተባለችው ቅሪት ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 24 ቀን 1974) በአፋር ምድር በሐዳር ተገኘች። ከአጽሟ ከመቶ 40 ያህሉ መገኘቱ በዓለም ዘንድ ስም አሰጣት። ነገር ግን አጥንቶቿ ዘመናቸውን የሚናገር አንዳች ምልክት አልነበረባቸውም። ዘመኗ የተገኘው በሐዳር ኮረብታዎች ከሚታዩት የአመድ ንጣፎች ነው።

ከሥር የሲዲ ሐኮማ አመድ አለ፤ ዕድሜው 3.4 ሚሊዮን ዓመታት ያህል ነው። ከዚያ በላይ የቀዳ ሐዳር አመድ ይገኛል። ይህ አመድ እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ ጥናት በአርጎን-አርጎን ዘዴ ተለክቶ 3.18 ሚሊዮን ዓመታት ሆኖ ተገኘ። ድንቅነሽ ያረፈችው ከዚህ አመድ ጥቂት ከፍ ብሎ ባለው ንጣፍ ውስጥ ነው። ከእርሷ በላይ ርቆ የሚገኝ ሌላ አመድ ደግሞ 2.95 ሚሊዮን ዓመታት ያህል ዕድሜ አለው። እንግዲህ 3.18 የሚለው ቁጥር በትክክል ሲነገር የአመዱ ዕድሜ ነው፤ ድንቅነሽ ለአመዱ በጣም ቅርብ ስለሆነች ዕድሜዋ ከዚያ በጥቂቱ የሚያንስ ይሆናል።

የሲዲ ሐኮማ አመድ ሌላም ነገር አስገኝቷል። ከአንድ ፍንዳታ የወጣ አመድ የራሱ የሆነ የንጥረ ነገር ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1982 ፍራንክ ብራውን የተባለው ሊቅ ይህ አመድ በቱርካና ሐይቅ አካባቢ ቱሉ ቦር ከሚባለው አመድ ጋር አንድ መሆኑን በዚህ ዘዴ አሳየ። ያው አመድ በታችኛው ኦሞም ይገኛል። በመሆኑም 800 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚራራቁት ሐዳርና ኦሞ በአንድ ቀን ክሥተት ተሳሰሩ።

6. ቁጥር ሲሳሳት ንጣፍ ሲያርም

በታችኛው ኦሞ የሚገኙት የሹንጉራ ንጣፎች ከ700 ሜትር በላይ ውፍረት አላቸው። በውስጣቸው ብዙ የአመድ ንጣፎች በመኖራቸው እያንዳንዱ ክፍል ከሥሩ ባለው አመድ በላቲን ፊደል ተሰይሟል። እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ የተካሄደው ዓለም አቀፍ ጥናት ይህን ቦታ ለምሥራቅ አፍሪካ ሁሉ እንደ መመዘኛ እንዲያገለግል አድርጎታል። ጥቅሙም ብዙ ሳይቈይ ታየ።

ከቱርካና ሐይቅ ምሥራቅ፣ በኬንያ ግዛት በኩቢ ፎራ፣ ኬ.ቢ.ኤስ. የተባለ አመድ አለ። ፊችና ሚለር የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ለክተው ዕድሜው 2.6 ሚሊዮን ዓመታት ያህል ነው ሲሉ እ.ኤ.አ. በ1970 አሳወቁ። እ.ኤ.አ. በ1972 ከዚህ አመድ በታች ቁጥር 1470 የተባለው የራስ ቅል ሲገኝ ዕድሜው 2.9 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ ሳይሆን አይቀርም ተባለ። ይህም የሰውን ዘር ታሪክ ወደ ኋላ እጅግ የሚያርቅ ነበር።

ነገር ግን አሳማዎቹ አልተስማሙም። ባሲል ኩክ የጥንት አሳማዎችን ጥርስ ሲያነጻጽር፣ በኩቢ ፎራ ከአመዱ በታች የተገኙት አሳማዎች በኦሞ 2 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ ዕድሜ ካላቸው ንጣፎች የተገኙትን ይመስሉ ነበር። በሁለት አጎራባች ቦታዎች አንድ ዓይነት አሳማ በግማሽ ሚሊዮንና ከዚያም በላይ በሆነ ዓመት ተራርቆ ኖረ ማለት የማይመስል ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ጋርኒስ ከርቲስና ባልደረቦቹ አመዱን እንደገና ለክተው ከ1.8 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ የማይበልጥ ዕድሜ አገኙ። ቀጥሎም የአመዱ ንጥረ ነገር ሲመረመር በሹንጉራ ኤች 2 ከተባለው አመድ ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ከ1980 ወዲህ የወጡት ልኬቶች 1.9 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በሚለው ላይ ጸኑ። የራስ ቅሉም ዛሬ 2 ሚሊዮን ዓመታት ያህል ዕድሜ ይሰጠዋል። ለመጀመሪያው ስሕተት ዋና ምክንያት የሆነው በአመዱ ውስጥ የአሮጌ አለት ቅንጣቶች መቀላቀላቸው ነው።

ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። የላቦራቶሪ ቁጥር ብቻውን አይቆምም፤ ከንጣፎች ተራና ከቅሪተ አካላት ጋር መስማማት አለበት። በዚህ ክርክር ውስጥ ቁጥሩ ተለወጠ፤ የራስ ቅሉ ከአመዱ በታች መሆኑ ግን አልተለወጠም።

7. ኪቢሽ፦ ገና የሚጠራ ቁጥር

እ.ኤ.አ. በ1967 በኦሞ ኪቢሽ የተገኘው የዘመናዊ ሰው ቅሪት፣ ኦሞ 1 የተባለው፣ መጀመሪያ የተሰጠው ዕድሜ 130,000 ዓመታት ገደማ ነበር። ይህ ልኬት የተወሰደው ከንጹሕ ውሃ ዛጎሎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ማክዱጋል፣ ብራውንና ፍሊግል በአመድ ንጣፎች ላይ ተመሥርተው 195,000 ዓመታት ገደማ አሉ። ይሁን እንጂ የተለካው አመድ ከቅሪቱ መገኛ ጋር ያለው ግንኙነት አከራካሪ ሆኖ ቈየ። ከቅሪቱ በላይ ያለው ወፍራም አመድ ደግሞ ቅንጣቱ እጅግ የላመ በመሆኑ በቀጥታ ሊለካ አልቻለም።

መፍትሔው ከሩቅ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት ይህን የላመ አመድ በንጥረ ነገሩ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ከሚገኘው ከሻላ እሳተ ገሞራ ፍንዳታ ጋር አገናኘው። በሻላ አካባቢ ግን ሊለካ የሚችል ማዕድን አለ። ልኬቱ 233,000 ዓመታት ሲሆን፣ በ22,000 ዓመታት ከፍም ዝቅም ሊል ይችላል። ቅሪቱ ከአመዱ በታች ስለሆነ ቢያንስ ያን ያህል ዕድሜ አለው ማለት ነው።

በየመጻሕፍቱ 130,000፣ 195,000 እና 233,000 የሚሉ ቁጥሮች ተደባልቀው ሲገኙ ተማሪው «ሊቃውንቱ ይገምታሉ እንጂ አያውቁም» ሊል ይችላል። መምህሩ ሊያሳየው የሚገባው እያንዳንዱ ቁጥር በየትኛው ንጣፍ ላይ እንደቆመና ለምን እንደተሻሻለ ነው። «ከፍም ዝቅም ሊል ይችላል» የሚባለውም መጠን ድክመትን መደበቂያ ሳይሆን የልኬቱን ወሰን በግልጽ ማስታወቂያ ነው።

8. ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

ይህን ትምህርት ለመስጠት ላቦራቶሪ የግድ አይደለም። በውሃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ አሸዋ፣ ቀይ አፈርና የምድጃ አመድ በየተራ እየጨመሩና እያስረጉ በመካከል አንዲት የባቄላ ፍሬ ማስቀመጥ ይበቃል። ከዚያ ተማሪዎቹ ሦስት ጥያቄዎችን ይመልሱ። ከፍሬዋ በታች ምን አለ? በላይዋስ? ንጣፉ ከተከማቸ በኋላ ተነካክቷልን? በደጋው አገር ያሉ ትምህርት ቤቶች ደግሞ በመንገድ ቈረጣ ወይም በድንጋይ መፍለጫ አጠገብ ክፍሉን ይዘው ሊወጡ ይችላሉ። በሁለት የባዛልት ንጣፎች መካከል ቀላ ያለ የአፈር መስመር ቢያዩ፣ ከአንዱ ፍሰት እስከ ሁለተኛው አፈር ለመሆን የሚበቃ ጊዜ እንዳለፈ ያስተውላሉ።

በትምህርት ዕቅድ በኩል የንጣፎች ቅደም ተከተል በታችኛው ደረጃ፣ ግማሽ ዕድሜ ደግሞ ክፍልፋይና መቶኛ ከታወቁ በኋላ ቢሰጥ ይመረጣል። የፈተና ጥያቄም «የድንቅነሽ ዕድሜ ስንት ነው?» ከሚል ይልቅ «3.4 እና 3.18 ሚሊዮን ዓመታት ዕድሜ ባላቸው አመዶች መካከል የተገኘ አጥንት ዕድሜው በምንና በምን መካከል ነው? ለምን?» ቢል ማስተዋልን ይመዝናል።

ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ። በአፋር፣ በኦሞና በሌሎች ተመሳሳይ ሥፍራዎች ያሉ ተማሪዎች ከብት ሲጠብቁ ወይም ሲጓዙ ቅሪተ አካል ሊያገኙ ይችላሉ። አንሥተው ወደ ቤት ወይም ወደ ትምህርት ቤት ቢያመጡት መልካም የሠሩ ሊመስላቸው ይችላል። ሆኖም ከቦታው የተነሣ አጥንት ከየትኛው አመድ በላይ፣ ከየትኛውም በታች እንደነበረ ካልተመዘገበ ዘመኑን በእርግጠኝነት መመለስ እጅግ ያዳግታል፤ አብዛኛውን ጊዜም አይቻልም። ስለዚህ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ አይነሣ፤ ቦታው ምልክት ይደረግበት፤ ለሚመለከተው የቅርስ ጥበቃ አካል ይነገር።

ማጠቃለያ

«ማን አይቶ ቈጠረው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አለው። ንጣፎቹ ተራውን ጠብቀው ቆይተዋል፤ ቅሪተ አካላት ሩቅ ለሩቅ ያሉትን ንጣፎች አገናኝተዋል፤ የእሳተ ገሞራ አመድ ደግሞ ቁጥሩን ሰጥቷል። ሦስቱ ሲስማሙ ዕድሜው ይታመናል፤ ሳይስማሙ ሲቀሩ እንደ ኬ.ቢ.ኤስ. አመድ እንደገና ይመረመራል። ተማሪው ይህን መንገድ ካወቀ ነገ ቁጥሩ ቢሻሻል እንኳ ምክንያቱን ይጠይቃል እንጂ እምነቱን አያጣም። ንጣፉን ያጣ አጥንት ዘመኑንም እንደሚያጣ ካወቀ ደግሞ በመንደሩ አጠገብ ላለው ኮረብታ ጠባቂ ይሆናል።